ሜዲኬር በቀጠሮ ብዛት አይክፈል

ቤዛል ሴል የተባለው የቆዳ ካንሰር በዝግታ የሚያድግ፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እምብዛም የማይዛመት በሽታ ነው። ቀዶ ሕክምና ለሚከብዳቸው አረጋውያን የጨረር ሕክምና ተገቢ አማራጭ መሆኑን አንክድም። የምንቃወመው የአከፋፈሉን ሥርዓት ነው። መደበኛው ሜዲኬር ለእያንዳንዱ የጨረር ቀጠሮ ለየብቻ ይከፍላል፤ ቀጠሮው በበዛ ቁጥር የክሊኒኩ ገቢ ያድጋል። እንዲህ ባለው ሥርዓት፣ በጥቂት ቀጠሮዎች ሊታከሙ የሚችሉ አቅመ ደካማ አዛውንት 20 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢመላለሱ፣ ምክንያቱ ሕመሙ ይሁን ሒሳቡ መለየት አይቻልም። ድካሙን ግን የሚሸከሙት እርሳቸውና የሚያደርሷቸው ልጆቻቸው ናቸው።

ስለዚህ ኮንግረስ ክፍያውን በሙሉ ሕክምናው ይተምን። ሐኪሙም ቀዶ ሕክምናን፣ አጭሩን የጨረር ሕክምናና በክትትል ብቻ መቆየትን፣ ታካሚው በሚገባቸው ቋንቋ፣ በአማርኛም ቢሆን፣ አስረድቶ ፈቃዳቸውን የመቀበል ግዴታ ይኑርበት።