ለጥቂት ሰዓት ለሚጠበቅ ሕፃን ስለሚከፈል ዋጋ

ልጅን በአደራ መስጠትና መቀበል በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። እናት ወደ ገበያ ወይም ወደ ለቅሶ በምትሄድበት ጊዜ ሕፃኗን ለጎረቤቷ ትታ ትሄድ ነበር፤ ጎረቤቲቱም በተራዋ እንዲሁ ታደርግ ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ሰው ከዘመዱ ርቆ፥ በጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋራ ግድግዳ ተጋርቶ ስለሚኖር፥ ይህ የመረዳዳት ልማድ እየሳሳ ሄዷል። ስለዚህ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፥ ለሕክምና ወይም ለፈተና አንድና ሁለት ሰዓት ብቻ ከቤቷ የምትወጣ እናት ልጇን በዋጋ የሚጠብቅላት ሰው መፈለጓ ግድ ሆኗል። ለዚህ አጭር ጊዜ የሚገባው ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ግን የተቈረጠ ነገር ስለሌለ፥ ከፋይዋም ተቀባይዋም ሲያዝኑ ይታያል።

ብዙ ሰዎች ዋጋውን የሚያገኙት የወሩን ደመወዝ በሰዓት በማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት ሞግዚት በወር 25 ቀን፥ በቀን 8 ሰዓት ጠብቃ 6,000 ብር ብትቀበል፥ ለ200 ሰዓት ድካሟ በሰዓት 30 ብር ይደርሳታል። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ብቻ የጠራት ሰው 30 ብር በሰጣት ጊዜ የሚገባትን ሁሉ የከፈላት ይመስለዋል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም።

ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሕፃን እንድትጠብቅ የተጠራች ሴት ከ2 ሰዓት ጀምሮ ቤቷን ታሰናዳለች፥ ወይም መንገድ ትጀምራለች። እናቲቱ በ4 ሰዓት እመለሳለሁ ብላ በ5 ሰዓት ብትመጣ ጧቱ በሙሉ አለፈ ማለት ነው። በዚያ ጧት ልብስ አጥባ ወይም እንጀራ ጋግራ ታገኘው የነበረው ገንዘብ ቀርቶባታል። ይልቁንም ሕፃኑ ጠባቂዋን የማያውቃት ሲሆን እጅግ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ አልቅሶ ሳያበቃ፥ ጠባዩም ሳይታወቅ ሰዓቱ ይደርሳል። ለግንብ ሥራ ተጠርቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ የተሰናበተ የቀን ሠራተኛ ቀኑ እንደ ተቃጠለበት ሁሉም ያውቃል፤ ስለ ሞግዚት ግን ይህን የሚያስብ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ፍትሕ ያለው ዋጋ አራት ነገር ሊኖረው ይገባል። መጀመሪያ፥ ጥበቃው አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆንም ስንኳ እንደ ሁለት ሰዓት ይቈጠር። ሁለተኛ፥ አልፎ አልፎ ለሚመጣ ሕፃን የሰዓቱ ዋጋ ከወር ደንበኛው ጥቂት ከፍ ይበል፤ በላይኛው ምሳሌ 30 ብር የነበረው 40 ብር ቢሆን፥ የአንድ ሰዓት ጥበቃ 80 ብር፥ የሦስት ሰዓትም 120 ብር ይሆናል። ሦስተኛ፥ ከቀጠሮው ያለፈ ጊዜ ይከፈልበት፤ ቀጠሮውም በዕለቱ ቢፈርስ ግማሹ ይሰጥ። ጠባቂዋ ራሷ ሳታስታውቅ ብትቀር ግን አስቀድማ የተቀበለችውን ትመልስ። አራተኛ፥ የሕፃኑ ምግብ፥ ልብሱና የንጽሕናው ዕቃ ከእናቱ ቤት ይምጣ፤ ካልመጣም ለብቻው ይታሰብ። ይህ ሁሉ ሕፃኑ ከመሰጠቱ በፊት በግልጽ መነገር አለበት፤ ከሥራ በኋላ የሚደረግ ክርክር ወዳጅነትን ያፈርሳልና።

ለጎረቤት ልጅ ዋጋ መጠየቅ ፍቅርን ያጠፋል የሚሉ አሉ። ነገር ግን የአገሩ ገበሬ በወንፈል በሚተጋገዝበት ጊዜ የአንድ ቀን ጉልበት በአንድ ቀን ጉልበት ይመለሳል እንጂ ሳይቈጠር አይቀርም። ተራዋን ልትመልስ የምትችል ጎረቤት በተራዋ ትመልስ፤ ጊዜ የሌላት በገንዘብ ብትመልስ ነውር የለበትም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈው የፈርዖን ልጅ ሙሴን ከወንዝ ባገኘችው ጊዜ ሕፃኑን ለምታጠባላት ሴት ደመወዝ ለመስጠት ተናግራለች፤ ያችም ሴት የገዛ እናቱ ነበረች። ሕፃን መጠበቅ ዋጋ ያለው ሥራ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ዋጋው ከድኻ እናት አቅም በላይ ቢወጣ ጉዳቱ የከፋ ነው። እንዲህ ያለች እናት ሕፃኑን ለታናሽ ሴት ልጇ ትታ ልጅቱን ከትምህርት ታስቀራለች፤ ወይም ከሰል በሚነድበት ቤት ቈልፋበት ትሄዳለች። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት እናቶች ቀጠሯቸውን በአንድ ጧት አድርገው መነሻውን ዋጋ ቢካፈሉ፥ ለጠባቂዋም ለእነርሱም ይበጃል። በየሳምንቱ በታወቀ ቀን የምትመጣ እናትም፥ ጠባቂዋ ጊዜዋን አስቀድማ ልታዘጋጅ ስለምትችል፥ ዋጋው ቢቀነስላት ተገቢ ነው።

በዚህ ነገር ሕጉ ገና ብዙ ቦታ ትቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጥቷል፤ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ውልን ግን ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቈያ እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር፤ ይህም ለመደበኛ ሠራተኛ እንጂ ለጉዳይ ለመጣች እናት የታሰበ አልነበረም።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ከጠባቂዎችና ከእናቶች ጋራ ተመካክረው፥ ለአጭር ጊዜ ጥበቃ የሚሆን የዋጋ መነሻ በሰሌዳ ቢለጥፉ መልካም ነው። ይህ ትእዛዝ ሳይሆን ሁለቱ ወገኖች የሚነጋገሩበት መሠረት ይሆናል። ሰፊ ማቈያ ያላቸው መሥሪያ ቤቶችም ለባለጉዳይ ልጆች ጥቂት ቦታ በመጠነኛ ዋጋ ቢለዩ፥ ሕፃን ታቅፋ በሰልፍ የምትውል እናት ታርፋለች። ካህናትም በየሰበካቸው አደራ ተቀባይዋ የድካሟን ዋጋ ሳትጐድል ማግኘት እንደሚገባት ቢያስተምሩ፥ ዋጋ በመጠየቋ ከማፈር ትድናለች። የጠባቂዋ ዋጋ በትክክል ሲከፈል ከሁሉ በፊት የሚጠቀመው በእጇ ያለው ሕፃን ነው።