ልብ ወለዱን ከመደርደሪያው ከማውረዳችን በፊት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ባለፈው ሰሞን ከመግሪብ ሶላት በኋላ በጀመዓችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ለጋራ ንባብ ካስቀመጥናቸው ኪታቦች መካከል "ፍቅር እስከ መቃብር" ተገኘ። አንድ ወንድማችን "ይህ የጀመዓ መደርደሪያ ነው፤ የፍቅር ተረት እዚህ ምን ይሠራል?" አለ። ከእህቶች ወገን ደግሞ "ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለመሆኑ አንብባችሁታል?" የሚል ጥያቄ መጣ። አብዛኞቻችን አላነበብነውም ነበርና ዝም አልን። በዚህ ጽሑፍ የእህታችንን ወገን ይዘናል፤ ምክንያታችንንም እንናገራለን።

የመጀመሪያው ተቃውሞ "ልብ ወለድ ውሸት ነው" የሚል ነው። ብይን መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ለዚያ ዑለማዎቻችን አሉ። ነገር ግን ውሸታም ሰሚውን ሊያታልል የሚናገር ሰው ነው። ደራሲው ግን የፈጠረው ታሪክ መሆኑን ገና ከሽፋኑ ይነግረናል፤ የሚታለል የለም። ቁርኣን ለዩሱፍ (ዐ.ሰ) ቂሷ ሙሉ ሱራ ሰጥቶ የወንድማማቾችን ምቀኝነት፣ የአባትን ሐዘን፣ እስር ቤቱንና ይቅርታውን ይነግረናል። የቁርኣን ቂሷ እውነት ነው፤ ከሰው ፈጠራ ጋር ልናነጻጽረው አንደፍርም። ሆኖም የሰው ልብ በቂሷ እንደሚማር ከዚያ እንረዳለን።

ደግሞም ልብ ወለድ ለሙስሊሙ እንግዳ ነገር አይደለም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንደሉስ የኖረው ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ጡፈይል "ሐይ ኢብን የቅዛን" የተባለ ታሪክ ጽፏል። ሰው በሌለበት ደሴት ሚዳቋ አጥብታ ያሳደገችው ልጅ፣ የሚያስተምረው ሳይኖር በማስተዋል ብቻ ፈጣሪውን ወደ ማወቅ ሲደርስ ያሳያል። መጽሐፉ በ1671 እ.ኤ.አ. ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ውስጥ ሲነበብ፣ ዛሬ ሁሉ የሚያውቀው "ሮቢንሰን ክሩሶ" ገና አልታተመም፤ እሱ የወጣው በ1719 ነው።

አሁን ወደ አማርኛዎቹ እንምጣ። ያነበብነውን እንደተሰማን እንናገር።

የሀዲስ አለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው። እውነቱን ለመናገር አጀማመሩ ለእኛ ዘመን አንባቢ ይከብዳል፤ ረጅም ነው፣ ትረካውም አይቸኩልም። ታግሦ የገባ ግን አይቆጭም። ዓለሙ የጎጃም ቤተ ክህነትና የመኳንንት ግቢ ነው፤ ሙስሊም አንባቢ የራሱን ቤት አያገኝበትም። ጥያቄው ግን የኛም ጥያቄ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ይመካሉ፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የዚያን ኩራት ዋጋ ይከፍላሉ፤ እውነቱን የሚናገረው ካሳ ደግሞ "ጉዱ" ተብሎ እንደ እብድ ይቆጠራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በዘሩ እንደማይበላለጥ አስተምረውናል። ይህንን በዳዕዋ ሰምተን "አሚን" የምንል እኛ፣ ኒካሕ ሲመጣ "የማን ዘር ነው? አባቱ ምን ይሠራ ነበር?" ሲባል ዝም እንላለን። የአባቱ ሙያ እየተጠቀሰ የተመለሰ ወንድም፣ በዘር ቆጠራ ቀርታ ያለቀሰች እህት ከመካከላችን አሉ። ፊታውራሪ መሸሻን ስናነብ ያፈርነው በጎጃም መኳንንት ብቻ አልነበረም።

የበአሉ ግርማ "ኦሮማይ" በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል። ይህን ከፈጣን ትረካው የተነሣ በሁለት ሌሊት የጨረሱት አሉ። ሥራው ማወደስ የሆነ ጋዜጠኛ ዓይኑ የሚያየውንና አፉ የሚናገረውን ማስታረቅ ሲያቅተው ያሳያል። ለአማና የምንጨነቅ ከሆነ ከዚህ የበለጠ መወያያ አናገኝም። መታለፍ ያለባቸው የፍቅር ገጾች እንዳሉት ግን አንደብቅም። እኛ አልፈናቸዋል፤ መጽሐፉም አልጎደለብንም።

ለእኛ ለመርሳ ልጆች ከሁሉ የቀረበው የብርሃኑ ዘሪሁን "ማዕበል" ነው። የመጀመሪያው ክፍል በአብዮቱ ዋዜማ ወሎን የፈጀውን ረሃብ ይዞ ይነሣል። ያን ዘመን በየጁ ቆላ ያለፉ አያቶች ዛሬም በቤታችን አሉ። የግብርና ተማሪ ሆኖ ስለ ዝናብና ስለ አፈር የሚማር ወንድም፣ ዝናብ ሲቀር በሰው ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ከቁጥር ሰንጠረዥ አያገኘውም። ከልብ ወለድ ያገኘዋል።

ከቅርብ ጊዜዎቹ በወጣቱ እጅ ብዙ የዞረው የይስማዕከ ወርቁ "ዴርቶጋዳ" ነው፤ በ2001 ዓ.ም. ታትሟል። የጣናን ገዳማት ከስለላና ከሳይንስ ጋር አያይዞ ይሮጣል። ማንበብ የማይወድ ተማሪ በሱ እንደጀመረ በዓይናችን አይተናል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ሰዎቹ ግን ከምሥጢሩ ይልቅ ቀለል ብለው ታዩን፤ ስንጨርሰው የቀረን ግርምት እንጂ የምናስበው ሰው አልነበረም። ለመጀመሪያ ጥሩ ነው፤ እዚያው መቅረት ግን አይገባም።

ከነዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ሐዘን ይቀረናል። ያነበብናቸው የአማርኛ ልብ ወለዶች ሙስሊሙን ካመጡት በጓዳ በር ነው፤ ነጋዴ ሆኖ ያልፋል፣ ጎረቤት ሆኖ ይሰላመታል። ሱሑር የምታሰናዳ እናት፣ ቂርኣት ፍለጋ አገር ያቋረጠ ደረሳ፣ በመውሊድ ሌሊት መንዙማ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ታሪኩ የሱ ሆኖ አላገኘነውም። ወቀሳው በደራሲዎቹ ላይ ብቻ አይደለም። ሰው የሚያውቀውን ቤት ይጽፋል። የኛን ቤት የምናውቀው እኛ ነን፤ አልጻፍንም።

ቃሉ ጠፍቶን አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲገደድ፣ ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር የሕዝቡን ምሬት በአማርኛ ግጥም፣ በዐረብኛ ፊደል ጽፈውታል። እዚሁ የጁ ውስጥ ዳና የዒልም መናኸሪያ ነበረች። ቁርኣንም በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ ተተርጉሞ ታትሟል። አማርኛ የዲናችንን ነገር ሲሸከም የኖረ ቋንቋ ነው። ከዚህ ሁሉ ቂሷ የሚወለድ ልብ ወለድ የሚጠብቀው ጸሐፊ ብቻ ነው። ሳያነብ የጻፈ ደግሞ አላየንም። ሀዲስ አለማየሁን ከመደርደሪያ ያወረደ ጀመዓ የራሱን ሀዲስ አለማየሁ አያፈራም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ መጽሐፉ በቦታው ይቆይ፤ በወር አንድ ልብ ወለድ መርጠን ከዐስር በኋላ እንወያይ፣ በዲናችን ሚዛን የሚጣለውንም እዚያው በግልጽ እንጣል። ሁለተኛ፣ በቴሌግራም የሚዞረውን የተሰረቀ ፒዲኤፍ እንተው። የደራሲ ድካም ሐቅ ነው፤ ገንዘብ ካጠረን አምስት ሆነን አንድ መጽሐፍ እንግዛ። ሦስተኛ፣ ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ እያንዳንዳችን ከአያቶቻችን አንድ ታሪክ ጽፈን እንምጣ። ከነዚህ ውስጥ የሚበስለውን በዚሁ ጋዜጣችን እናወጣዋለን፣ ኢንሻ አላህ።

ሶላትን የሚያሳልፍ፣ ፈተናን የሚያስረሳ ንባብ እንዳለ እናውቃለን። እሱን የሚያርመው የጊዜ አያያዛችን ነው። ወንድማችን ያነሣው ስጋት ከዲን ተቆርቋሪነት መሆኑንም አንጠራጠርም፤ አላህ ይውደድለት። የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ያንብበው፣ ከዚያ እንከራከር። እህታችን መጽሐፉን ለሱ ልታውሰው ዝግጁ ናት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።