የታረደው በሬ ዕዳ የማን ነው?

የከብት በሽታ ወደ አንድ አገር ሲገባ የእንስሳት ሐኪሞች ከሚያዙት መድኃኒት አንዱ ቢላዋ ነው። የታመመው ይታረድ፤ ከታመመው ጋር በአንድ በረት ያደረውም ይከተል፤ ሬሳው በጥልቅ ይቀበር፤ የቀረው የአገር ከብት ይትረፍ ይላሉ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ቀላል ሒሳብ ነው፤ ዐሥር ሞተው ሺህ ይድናሉ። ዳሩ ግን ሺሁ የሁላችን ሲሆኑ ዐሥሩ የአንድ ሰው ናቸው። ያ ሰው ስለ ሺሁ ሲባል ዐሥሩን ቢያጣ አገሩ ምን ይከፍለዋል? የዛሬው ርእሰ አንቀጻችን የሚያነሣው ይህንኑ ነው።

ነገሩ ለሌላው ሩቅ ሊመስል ይችላል። እዚህ መካነ ሰላም ተቀምጦ ለሚማር ተማሪ ግን ከግቢው አጥር ውጭ የሚታይ ነው። በቦረናም ሆነ በሳይንት፣ በከላላም ሆነ በወግዲ፣ ወደ ዐባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው ተዳፋት ሁሉ ትራክተር የሚገባበት መሬት ጥቂት ነው፤ የሚታረሰው በጥንድ በሬ ነው። ጥንድ ያለው ደግሞ ሁሉም አይደለም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ ብቻ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን እያሉ በተራ ያርሳሉ። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ በሬ ለበሽታ መከላከያ ተብሎ ቢታረድ የሁለት ቤት እርሻ ይቆማል። በሬው ግንቦት ላይ ታርዶ ገንዘቡ ጥቅምት ላይ ቢመጣ፣ ምንም እንኳ ሙሉ ዋጋ ቢሆን፣ ክረምቱ አልፏል፤ መሬቱም ጦሙን አድሯል። ሥጋ በኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ኪሳራ አያየውም።

ከብት ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ አገራችን አይታዋለች። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ (ስሙ ከግብሩ የማይገጥም በሽታ ነው) የኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር መጣ ይባላል። ከአገሪቱ ከብት ከዐሥር ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት፤ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ያ ዘመን ክፉ ቀን ተባለ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እንደ ሆኑ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥት ዶማ ያስጨበጠ በሽታ ነበር።

ይህን ስንል አንዳንድ ወዳጆቻችን፣ «ደስታን ያጠፋነው እኮ በክትባት ነው፤ ቢላዋ ምን ያደርግልናል?» ይሉን ይሆናል። እውነት አላቸው። በ1956 ዓ.ም. በደብረ ዘይት የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ድርጅት፣ በኋላም መላው አፍሪቃ የተካፈለበት ዘመቻ፣ በአፋር በረሃ ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው መርፌ መውጋት የተማሩት ሰዎች ድካም፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው በሽታው በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1995 ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከደስታ ነፃ መሆኗ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ታወቀላት፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ተነገረ። ዳሩ ግን የደስታ ክትባት ጸጋው የተለየ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተወጋ ከብት ዕድሜ ልኩን ይጠበቅ ነበር። በሽታ ሁሉ እንዲህ አይደለም። የአፈማዝ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱን ሲከላከሉት ሌላው ይመጣል። አፈማዝ በአገራችን የተስፋፋ ስለሆነ በሱ ምክንያት ከብት ይታረድ የሚል ሰው ቢነሣ እኛም እንቃወመዋለን፤ አገር ሙሉ አርዶ የሚዘልቅ የለም።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ እርሱም የከብት ሳንባ ነቀርሳ ነው። ለዚህ በሽታ በአገራችን ለከብት የሚሰጥ ክትባት የለም፤ ላም በመድኃኒት ማከምም የሚሞከር ነገር አይደለም። የሚታወቀው መንገድ አንገቷ ቆዳ ላይ መርፌ ወግቶ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱን መለካት፣ ከዚያም የታመመችውን ማስወገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከተመረመሩት የወተት ከብቶች 30 በመቶው፣ ከበረቶቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። የሐበሻ ከብት ይሻላል፤ የሚጠቃው ይልቁንም የፈረንጅ ዲቃላው ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶችም በመቀሌ፣ በጎንደርና በሐዋሳ የወተት እርባታ ገና ሲጀመር በሽታው ከመሐል አገር ከሚገዛው ዲቃላ ከብት ጋር እየተጓዘ እንዳይገባ አስጠንቅቀዋል። ወተቱ ሳይፈላ በሚጠጣበት አገር ደግሞ ነገሩ በከብት ብቻ አይቀርም።

የደቡብ ወሎ ደጋም ነገ የተሻለ ላም ይፈልጋል፤ መፈለጉም ተገቢ ነው። ላሟ በመኪና ተጭና ትመጣለች እንበል። ተመረመረች፤ ነቀርሳ ተገኘባት። የምትታለበው ላም የቤቱ ሀብት ሁሉ ናት፤ ምናልባትም በብድር የተገዛች ናት። ሐኪሙ፣ «ትወገድ» ብሎ ይሄዳል፤ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ የለም። ባለቤቱ ምን ያደርጋል? ሌሊት ተነሥቶ ወደ ሩቅ ገበያ ይነዳታል። በማያውቀው ሰው በረት ትገባለች፤ በዚያም ከብት ላይ ትስላለች። ይህን ሰው ወንጀለኛ ለማለት የሚቸኩል ካለ መጀመሪያ የእርሱን ልጆች ያብላ። ሐኪም ሲመጣ ከብት የሚሸሸግበት ጎረቤት፣ በሽታ ሲነሣ አፉን የሚዘጋ ቀበሌ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በአገራችን መርምሮ ማረድ የሚባለው ሥራ ያልተለመደበት ዋና ምክንያት የካሳው ገንዘብ አለመኖሩ እንደ ሆነ የሙያው ሊቃውንት ራሳቸው ጽፈውታል።

ሌላው ዓለም ይህን በኪሳራ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1714 ያው ደስታ እንግሊዝ አገር ሲገባ የንጉሡ ሐኪም ቶማስ ቤትስ የታመሙት ላሞች በአንዳንዱ 40 ሺሊንግ እየተከፈለ እንዲቃጠሉ አደረገ፤ በሽታውም በጥቂት ወራት ቆመ። በ1866 የወጣው ሕጋቸው ደግሞ ብልህ ነበር፤ ለታመመው ከብት የዋጋውን ግማሽ ከ20 ፓውንድ ሳያልፍ፣ ገና ሳይታመም ለታረደው ግን ከአራት ሦስቱን እጅ ከ25 ፓውንድ ሳያልፍ ይከፍል ነበር። ቀድሞ የተናገረ ይበልጥ ያገኛል ማለት ነው። ወደ እኛው አህጉር ስንመለስ ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 የከብት ሳንባ በሽታ ንጋሚላንድ በሚባለው አውራጃዋ ሲገባ 320,000 ያህል ከብት አርዳ በሽታውን አጠፋች፤ ለባለቤቶቹም ካሳ ከፈለች። እንዲያም ሆኖ ከዚያ በኋላ በአውራጃው የሕፃናት የምግብ እጥረት እንደ ጨመረ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል፤ ገንዘብ ወተት አይታለብምና። ግብፅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 300,000 ያህል ዐሣማ ይታረድ ብላ አዘዘች፤ ያውም ጉንፋኑ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሆኖ ሳለ። የተከፈለው ከዋጋው በታች ነበር። ቆሻሻ እየሰበሰቡ ዐሣማ ያረቡ የነበሩት የካይሮ ድሆች ደኸዩ፤ የከተማዋም ቆሻሻ በየመንገዱ ተከመረ።

በእኛ አገር የካሳ አሳብ እንግዳ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንኡስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ እንዲከፍል ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረትም መንገድ ሲያልፍ ለተቆረጠ ባሕር ዛፍ ተቆጥሮ ይከፈላል። ባሕር ዛፍ ካሳ ካለው ሞፈር የሚጎትተው በሬ ምን በደለ? የበሽታ መከላከልስ ከመንገድ ያነሰ የሕዝብ ጥቅም ነውን?

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ወደ 70 ሚሊዮን ከብት ላለው አገር ማን ይችላል?» የሚለው ክርክር ከባድ ነው፤ እኛም አናቃልለውም። ለአዲስ አበባ ዙሪያ ዛሬ መልሱ አስቸጋሪ ነው፤ እዚያ የታመመውን ለይቶ በሌላ በረት ማኖር ይሻል ይሆናል። ለእኛ ደጋ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የዲቃላው ቁጥር ገና ጥቂት ነው፤ በሽታ የተገኘባትን አንዲት ላም ዛሬ መክፈል፣ የዛሬ ሃያ ዓመት የአንድ ወረዳን ላም ከመክፈል ይቀላል። ስለዚህ ለገበሬ የሚከፋፈል ላም ሁሉ ከመጫኑ በፊት ይመርመር፤ ከመጣም በኋላ ለሚታረደው የሚሆን ገንዘብ ላሞቹ በሚገዙበት በጀት ውስጥ አብሮ ይያዝ። ላሟን የገዛ መሥሪያ ቤት ለመወገጃዋ አላሰብኩም ማለት የለበትም።

ሌላም የሚነሣ አለ፤ ገበሬው ካሳ ለማግኘት ሲል የታመመ ከብት ገዝቶ ያመጣል ይላሉ። ይህ በሌላ አገር ሆኖ ያውቃል፤ በእኛም ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ለታመመው ከገበያው ዋጋ ዝቅ ብሎ፣ ሳይታመም ለታረደው ሙሉውን፣ ደብቆ ለተገኘ ደግሞ ምንም አለመክፈል ነው። ይልቅስ የሚያስቸግረው የርቢ ነገር ነው። ባለቤቱ መካነ ሰላም ሱቅ ከፍቶ ይኖራል፤ ላሟን የሚቀልባትና ጥጃውን የሚካፈለው ገበሬ በገጠር ነው። ካሳው ለባለቤቱ ብቻ ከተሰጠ አርቢው ባዶ እጁን ይቀራል፤ በሽታውን መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ እርሱ ነው። ድርሻቸው አስቀድሞ በቀበሌው ዘንድ ካልተጻፈ ካሳው ራሱ የጠብ ምክንያት ይሆናል። ለእርሻ በሬም ቢሆን ገበሬው ከፈለገ በብሩ ፈንታ በሬ ይሰጠው፤ ከሚቀጥለው የእርሻ ወቅት በፊት ይድረሰው።

ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? በአስተያየታችን የወረዳው የእንስሳት ሐኪም፣ ሁለት የአገር ሽማግሌዎችና ገበያውን የሚያውቅ አንድ ሰው ተቀምጠው ይቁረጡት፤ ቢሮ ውስጥ የተጻፈ ያለፈ ዓመት ዋጋ አያገለግልም። በዚህ ረገድ ተማሪው የሚሠራው ሥራ አለ። ግብርናና ኢኮኖሚክስ የምታጠኑ ጓደኞቻችን በየገበያው ቀን እየወጣችሁ የእርሻ በሬን፣ የጥገት ላምንና የጊደርን ዋጋ በየወሩ ብትመዘግቡ ለወረዳው የሚቀርብ አስተማማኝ መነሻ ይገኛል። መምህራኖቻችንም የአመዘጋገቡን ሥርዓት እንዲያርሙልን እንለምናለን። ደብተሩ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ተዘጋጅቷል፤ የመጀመሪያው ገጽ የሚቀጥለው የገበያ ቀን ነው።