ወደቡን አገኘን እንበል፤ ማሽኑን ማን ያመጣዋል?

ቪዲዮውን አይተኸዋል። ግዙፍ ማሽን ሎቤድ ላይ ተጭኖ በአንዲት ትንሽ ከተማ መሐል ያዘግማል። ከፊት የፖሊስ መኪና፣ ከኋላ መጨረሻው የማይታይ የመኪና ሰልፍ፣ በጎን እየጮኹ የሚሮጡ ሕፃናት። አንድ ረዳት ጭነቱ ላይ ወጥቶ የመብራት ሽቦውን በረጅም እንጨት ከፍ አድርጎ ይዟል። ከሥር ኮመንቱን አንብበሃል፤ ግማሹ «አገሬ ተለወጠች!» ይላል፣ ግማሹ «ወርቃችንን ሊወስዱ መጡ!» ይላል። አንተም ወይ ልብ ወይ የተናደደ ፊት ተጭነህ አልፈሃል።

ዛሬ ላይክህን አልፈልግም። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ። ምናልባት ትናደድብኛለህ፤ ተናደድ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብበህ ተናደድ።

ስለ ባሕር በር የሚያንገበግብህ ነገር ትክክል ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች። በ1990 ዓ.ም ጦርነቱ ሲፈነዳ ደግሞ በአሰብ መጠቀሙም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ከ90 በመቶ በላይ ገቢና ወጪ ንግዱን በአንድ ጎረቤት በኩል፣ በጅቡቲ፣ ያሳልፋል። ይሄ ያልቆጨው ሰው ካርታ አላየም።

ግን እስቲ ነገ ጠዋት ስትነሳ ወደቡ በስምምነት ተሰጥቶሃል እንበል። ባንዲራህ ተሰቅሏል። መርከቧ ቆማለች፤ ሆዷ ውስጥ ለምዕራብ ኢትዮጵያ የወርቅ ማዕድን የሚሄድ ማሽን አለ። ጨፈርክ፣ እልል አልክ፣ ፕሮፋይልህን ቀየርክ።

ከዚያስ?

ከዚያማ ማውረድ አለ። በትልልቅ ክፍት ማዕድኖች የሚሠራውን ገልባጭ መኪና አስብ። ካተርፒላር 777 የሚባለው 90 ቶን ገደማ ይጭናል፤ ከነጭነቱ ከ160 ቶን ያልፋል። ስፋቱ ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። አብዛኛው ዋና አስፋልታችን ደግሞ ለሂያጅም ለመጪም አንድ ላይ 7 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ይህ መኪና ራሱን እየነዳ አይመጣም። ጎማው ይወልቃል፣ ሳጥኑ ይነሳል፣ ተፈታትቶ ይጫናል። ድንጋይ የሚፈጨው ወፍጮ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ከተወሰነ መጠን በታች ልፍታው ብትል የማይፈታ ቁራጭ አለው። ያን ቁራጭ እንዳለ መሸከም ግዴታህ ነው።

«ባቡር አለን አይደል?» ትለኛለህ። አለን። የአዲስ አበባ ጅቡቲው ባቡር በ2009 ዓ.ም ተመርቋል፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ኮንቴይነር ያመላልስ፣ ይባረክ። ግን በባቡር የሚጫን ነገር ስፋቱም ከፍታውም የተወሰነ ነው፤ ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከጎን ምሰሶ አለ። 6 ሜትር የሚሰፋ ሳጥን አያልፍም። ቢያልፍስ? ሐዲዱ አዲስ አበባ አጠገብ ሰበታ ላይ ያበቃል። ወርቁ ያለው ምዕራብ ነው።

ስለዚህ መንገድ ነው። ና አብረን እንሂድ።

ከባሕር ጠለል ተነሳ። በጋላፊ ድንበሩን አቋርጥ። ሚሌ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ አዳማ፤ አፋር በረሃ ላይ ጎማ የሚያፈነዳ ሙቀት፣ መተሐራ ላይ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱን የሚተናኮል የበሰቃ ሐይቅ። ከዚያ ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ወጣህ ማለት ነው። ገና ግማሽ መንገድህን ብትጨርስ ነው። አምቦ፣ ነቀምቴ፣ ከዚያ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ቁልቁል፣ እንደገና ሽቅብ ወደ ጊምቢ፣ መንዲ፣ አሶሳ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ኩርሙክ። ዳገቱ ላይ አንድ ጎታች ስለማይበቃ ከኋላ የሚገፋ ሌላ ይጨመራል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የሹፌሩ ነፍስ ፍሬን ላይ ተንጠልጥላ ትወርዳለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዝልኝ፤ ኮመንት ላይ ማንም አይነግርህም። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 መኪና እያመላለሱ መንገድ የሚጎዳው እንዴት እንደሆነ ፈትነው ነበር። ያገኙት ውጤት እስከ ዛሬ መሐንዲሶች ይሠሩበታል፦ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ አይሆንም፣ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። 100 ቶን በ5 አክስል ብትጭን እያንዳንዱ 20 ቶን ይረግጣል፤ በ10 አክስል ብትጭን 10 ቶን። ለዚህ ነው ሥራውን የሚያውቁ ኩባንያዎች እንደ መቶ እግር ብዙ አክስል ያለው፣ እያንዳንዱ ጎማ የሚታጠፍ፣ በሃይድሮሊክ ከፍ ዝቅ የሚል ተሳቢ የሚያመጡት። ለመታየት ብለው አይደለም፣ መንገዱን ላለመግደል ነው።

ድልድይ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አስፋልት የሚጎዳው በአክስል ነው፤ ድልድይ ግን ላዩ ላይ የቆመውን በሙሉ ይሸከማል። ስለዚህ ከባድ ጭነት ከማለፉ በፊት አንድ መሐንዲስ ተቀምጦ ያንን ድልድይ ማስላት አለበት፤ መቼ ተሠራ፣ ብረቱ ስንት ነው፣ ተሰንጥቋል ወይ። ከዚያ መንገዱ ይዘጋል፣ ጭነቱ ብቻውን፣ በመሐል መሐል፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ ፍሬን ሳይረገጥ ያልፋል። አንድ ሰው ስሌቱን ከሳተ ማሽኑ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያ ወረዳ አምቡላንስም እህልም አያገኝም።

አሁን ጥያቄዬ፦ ይህን ስሌት የሚሠራ ስንት ልጅ አፍርተናል? ያንን ተሳቢ የሚነዳ፣ ክሬኑን የሚያንቀሳቅስ፣ ጭነቱን የሚያስር ስንት ባለሙያ አለን? ወይስ ወደቡን ተረክበን «ኑና ጫኑልን» ልንል ነው?

ታሪክ ትወዳለህ፤ እኔም እወዳለሁ። ግን ታሪክን ለፎከራ ብቻ አትጥራው።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አሠሩ። 70 ኩንታል ገደማ። ከደብረ ታቦር አካባቢ መቅደላ ድረስ መወሰድ ነበረበት፤ መንገድ የለም። ንጉሡ ምን አደረጉ? መንገዱን ሠሩ። በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሱ፣ ገደሉን እያስቆረጡ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው እየጎተተ ወራት ፈጅቶ ወጣ። ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሞ አለ፣ ሄደህ ንካው። እኛ መድፉን እንዘምራለን፤ መንገዱን ግን ረሳነው።

በዚያው ዓመት በሌላ በኩል የናፒየር ጦር ዙላ ላይ ወረደ። መጀመሪያ የሠራው ምን ይመስልሃል? የመርከብ ማራገፊያ። ከዚያ የባቡር ሐዲድ። ከዚያ 44 ዝሆን ከህንድ አምጥቶ ከባድ መሣሪያውን ተራራ ለተራራ አሸከመ። ጠላትህን ባትወደውም ከሥራው ተማር። መቅደላ በ1860 ዓ.ም የወደቀችው ጥይት ሲተኮስ ብቻ አልነበረም፤ ማራገፊያው የተሠራ ቀን ነው መውደቅ የጀመረችው።

ሌላም አለ። የአክሱምን ሐውልት ጣሊያን በ1929 ዓ.ም በመኪና ምጽዋ አውርዶ በመርከብ ወሰደው። በ1997 ዓ.ም ሲመለስ በምን መጣ? በአውሮፕላን። ሦስት ቁራጭ፣ ሦስት በረራ፣ በአንቶኖቭ 124፤ የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያም ለዚያ ሲባል ተዘጋጀ። በምጽዋ በኩል መምጣት አልቻለም፣ ድንበሩ ዝግ ነበር። ወራሪ በመንገድ ያወጣውን እኛ በመንገድ መመለስ አቃተን። ወደብ ማጣት ማለት ይሄ ነው፤ መንገድ ማጣት ማለትም ይሄው ነው።

አሁን ወደሚያናድድህ ቦታ መጣሁ።

የማውቀው አንድ የሎቤድ ሹፌር አለ። ዕድሜው አባትህን ያህላል። ከጭነቱና ከዳገቱ ይልቅ የሚፈራው ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ኬላ ነው አለኝ። በሕግ የቆመው ኬላ ሳይሆን፣ ገመድ ዘርግተው፣ ድንጋይ ደርድረው፣ ጎማ አቃጥለው የሚቆሙ ልጆች ያሉበት ኬላ። አንዱ ጋ ከፍሎ ሲያልፍ ሌላው ጋ ይጠብቁታል። የሥራ ባልደረቦቹ ታግተዋል፤ የተገደለም አለ። ወደ አሶሳ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ችግር የተዘጋባቸውን ጊዜያት አንተም ታውቃለህ።

እና እነዚያ ልጆች እነማን ናቸው? የየትኛውም ሰፈር፣ የየትኛውም ባንዲራ ይሁኑ፣ በዕድሜ እንደኔና እንዳንተ ናቸው። «ትግል» ብለው ነው የሚጀምሩት። ወንድሜ፣ ፊት ለፊት ልንገርህ፦ ጎረቤት አገር ወደብ ቢከለክልህ ጠላት አልከው፤ የገዛ አገርህን መንገድ በገመድ የዘጋኸውን አንተንስ ምን እንበልህ? መሣሪያው ወደብ ላይ በቆመ ቁጥር ኪራዩ በውጭ ምንዛሪ ይቆጠራል። ያ ዶላር የአንተ መድኃኒት ነው፣ የእናትህ የስኳር በሽታ መርፌ ነው።

«እና ዝም ብለን ወርቃችንን እንስጥ?» የለም! ዝም አንልም። መጮህስ እንጩህ፣ ግን የሚጠየቀውን እያወቅን እንጩህ። እንዲህ ብለን፦

1ኛ. ለከባድ ጭነት የተለየ መስመር ይታወጅ። ድልድዮቹ አንድ በአንድ ይፈተሹ፣ አቅማቸው ተጽፎ ይለጠፍ።

2ኛ. ፈቃዱ በአንድ መስኮት ይለቅ። መንገድ፣ መብራት፣ ቴሌ፣ ጉምሩክ፣ ፖሊስ እያሉ ሹፌር አይንከራተት።

3ኛ. ለማሽኑ ተብሎ የተጠናከረ ድልድይና የሰፋ ኩርባ ማሽኑ ካለፈ በኋላም ለሕዝቡ ይቅር። ወርቁ የሚወጣበት ቀበሌ ያለች ነፍሰ ጡር በዚያው መንገድ ሆስፒታል ትድረስ። አቧራውን የሚበላው እሱ ከሆነ ጥቅሙም መጀመሪያ ለእሱ ነው።

4ኛ. የውጭ ኩባንያ ከባድ ጭነት ይዞ ሲገባ የአገር ልጅ አብሮ ይሥራ፤ ባንዲራ ይዞ መኪና የሚያስቆም ብቻ ሳይሆን ስሌቱን የሚሠራ፣ ተሳቢውን የሚነዳ፣ ክሬኑን የሚያዝ።

5ኛ. ሹፌር ይጠበቅ። የሹፌር ደም ሪፖርት ላይ ቁጥር ሆኖ አይቅር።

ይህን ለመጠየቅ ግን አንተም እጅህ ንጹሕ ይሁን። ገመዱን ጠቅልል። ሰፈርህ ገመድ የሚዘረጋ ካለ «ተው» በለው፤ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ኮመንት ላይ መሳደብ ይቀላል። አንቺ ሲቪል ምህንድስና የምትማሪው እህቴ፣ መመረቂያ ጽሑፍሽን ሰው ከሰው ከሚገለብጠው ርዕስ አውጪና አንድ የዴዴሳ መስመር ድልድይ ላይ ሥሪው። አንተ መካኒኩ፣ ሃይድሮሊክ ተማር። አንተ መንጃ ፈቃድ ያለህ፣ ወደ ከባዱ ከፍ በል። ነገ ወደቡ ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ እጅ ያስፈልጋል።

ቴዎድሮስ መድፉን ከማስጎተታቸው በፊት ድንጋይ አነሱ። ልጆቻቸው ነን የምንል ከሆነ መንገድ ላይ ድንጋይ ደርዳሪ ሳይሆን ድንጋይ አንሺ እንሁን።

የተስማማህ ሼር አድርግ። ያልተስማማህ ከሥር ጻፍልኝ፣ በስድብ ሳይሆን በሐሳብ።