ላፕቶፕ ገዢ ሊኑክሱን በፍላሽ ይዞ ይሂድ

ሆሳዕና ውስጥ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው «ሊኑክስ ይቀበላል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ችግር የለውም፣ ይሠራል» ነው። ሻጩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ሞክሮት ስለማያውቅ ነው። ጉዱ የሚታየው ዕቃው ዱራሜ ወይም ሾኔ ከገባ በኋላ ነው። ዋይፋዩ እምቢ ይላል፣ ድምፁ ይጠፋል። ያን ጊዜ ሻጩ «እኔ የሸጥኩልህ ከነዊንዶውሱ በደህና ነው» ቢል ተከራክሮ የሚረታው የለም። ዕቃው ወደመጣበት ይመለስ ቢባል እንኳ እስከ አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ።

ለመሆኑ በዚህ አካባቢ ሊኑክስን ማን ይፈልገዋል? የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪ ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ በደንቡ አይቀበልም። የውጭ ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንግዲህ ደህናውን ማሽን ጥሎ አዲስ መግዛት የሚችለው ስንቱ ነው? ሊኑክስ በነፃ ነው፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው የዊንዶውስ ቫይረስም አይደፍረውም።

ከሊኑክስ ዓይነቶች በብዛት የሚታወቀውን ኡቡንቱን እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረበው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። ስሙም በዚያው አገር ቋንቋዎች ሰብአዊነት ማለት ነው። ብዙ ልጆቻቸውን ወደዚያ ለሸኙት ለሐዲያና ለከምባታ ሰዎች ይህ እንግዳ ወሬ ሊሆን አይገባም።

ገዢው እንግዲህ አስቀድሞ አዲሱን የኡቡንቱ እትም 16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ያስጭን። ሱቅ ሲደርስ ማሽኑን አጥፍቶ ሲያበራ፣ በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12ን፣ በኤች ፒ ኤፍ 9ን ተጭኖ ከፍላሹ ያስነሳው። ለመሞከር የሚለውን ይምረጥ፤ ለመጫን የሚለውን አይንካ። እንዲህ ሲሆን ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ አይነካምና ባለሱቁ ሊሰጋ አይገባውም። ከዚያ የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ዋይፋዩን ያገናኝ። የብሮድኮምና አንዳንድ የሪልቴክ ቺፖች እዚህ ላይ ያስቸግራሉ፤ የኢንቴሎቹ ባመዛኙ ደህና ናቸው። ድምፅ ያጫውት፣ ካሜራውን ይክፈት፣ ክዳኑን ዘግቶ ሲከፍተው መንቃቱን ይይ። ዲስኩም መታየቱን ይመልከት፤ በአንዳንድ አዳዲስ የኢንቴል ማሽኖች ባዮሱ ውስጥ አንድ ነገር ካልተለወጠ ሊኑክስ ዲስኩን አያየውም። የጣት አሻራው ባይሠራ አይገረም። ለዚህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

አዲስ ሁሉ ይሻላል የሚለው አባባል እዚህ ላይ አያዋጣም። ገና የወጣ ሞዴል ቺፑ በሊኑክስ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል፤ ሁለት ሦስት ዓመት የቆየው ግን ብዙ ጊዜ ያለ ጣጣ ይነሳል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የወጡት ባለ ኤም ቺፕ ማክቡኮችማ ከዚህ ፍላሽ ጨርሶ አይነሱም።

በበኩሌ፣ አላስሞክርም የሚልን ሱቅ አልፎ መሄድ ነው እላለሁ። ባለሱቆቹም ቢያስቡበት ትርፉ የራሳቸው ነው። ዊንዶውስ 11 የናቃቸው ማሽኖች መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚለብሱ «በሊኑክስ ተሞክሯል» የሚል ወረቀት ቢለጠፍባቸው ገዢ አያጡም። ይኸው ቃል ደረሰኙ ላይ ቢሰፍር ደግሞ ኋላ ከሚመጣው ክርክር ሁለቱም ይድናሉ።

ሒሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ ነጋዴ ግን ያንን ኮምፒዩተር እንዳለ ይተወው። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ፓወር ግዕዝም እንዲሁ። ለሊኑክስ የሚሆነው ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ ኢንተርኔት የሚታይበትና የዕቃ ዝርዝር የሚያዝበት ሁለተኛው ማሽን ነው፤ የአማርኛ ኪቦርዱም ከራሱ ከሴቲንጉ ይመረጣል።