ሹመት ለዕዳ መክፈያ ይሆናልን?

በአቃቂ በሰቃና በቃሊቲ መጋዘን ያላቸው አስመጪዎችና የጅምላ ነጋዴዎች አልፎ አልፎ ከሚያሰሙት ቅሬታ አንዱ፣ «ታማኝ ሠራተኛዬን ከፍ ላድርገው ብዬ የሹመት ደብዳቤ ባዘጋጅለት እምቢ አለኝ» የሚለው ነው። በሌላው ወገን ሠራተኛው ለባልንጀራው፣ «ዕዳዬን ቶሎ ልገላገል ብዬ ተቀብዬ ነበር፤ አሁን ግን እንቅልፍ አጣሁ» ሲል ይሰማል። ሁለቱ ንግግሮች ለየብቻ ሲሰሙ የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ይኸውም ሰጪው ሹመቱን ያለ ሒሳብ መስጠቱ፣ ተቀባዩም ያለ ሒሳብ መቀበሉ ነው።

አካባቢው እንዲህ ያለ ጉዳይ በብዛት የሚነሣበት መሆኑ አያስደንቅም። አቃቂ ከጅቡቲ የሚመጣው የቀድሞው ባቡር ወደ አዲስ አበባ ሲገባ የሚያልፍባት ጣቢያ ነበረች፤ በኋላም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና ሌሎችም ፋብሪካዎች ተተከሉባት። ከጣልያንኛ የወረስነው «ካቦ» የሚለው ቃል በፋብሪካ ሠራተኞች አንደበት የተለመደ ነው። (ካቦ ማለት ከባልንጀሮቹ መካከል ተነሥቶ ባልንጀሮቹን የሚያዝ ሰው ነውና ሥራው ቀላል ሆኖ አያውቅም።) ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሣውም ከዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የወጣ ኮንቴይነር በዚህ በኩል ገብቶ በመጋዘኖቹ ይራገፋል። መኪናው የሚደርስበት ሰዓት ግን በነጋዴው ፈቃድ አይደለም፤ መሽቶም ይደርሳል፣ እሑድም ይደርሳል። ያን ጊዜ በር ከፍቶ፣ ቆጥሮና ፈርሞ ስለሚረከበው ሰው ነው የምንነጋገረው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እናቁም። በአንድ አስመጪ መጋዘን ውስጥ በወር 15,000 ብር የሚከፈለው የመዝገብ ሠራተኛ አለ እንበል። የ120,000 ብር ዕዳ አለበት፤ ከፊሉን ለቤተ ሰብ ሕክምና፣ ከፊሉን ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ተበድሮታል። ወለድ የለበትም፤ በየወሩ 4,000 ብር ስለሚከፍል በ30 ወር ያልቅለታል። ጌታው ጠርቶ «የመጋዘን ኃላፊ ሁን፤ ደመወዝህ 21,000 ብር ይሆናል» ይለዋል። ሠራተኛው በዚያች ቅጽበት በልቡ የሚያሰላው የተጨመረለትን 6,000 ብር በ4,000ው ላይ ደምሮ፣ በወር 10,000 ብር እየከፈለ፣ በ12 ወር ነጻ መውጣትን ነው። ከ30 ወር ወደ 12! ማን እምቢ ይላል?

ይህ ስሌት ግን በገቢ ግብር ደጃፍ ላይ ይፈርሳል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ዐዋጅ መሠረት እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የወር ደመወዝ ግብር የለበትም፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ግን ከመቶ 35 ይከፈልበታል። የኛ ሰው ቀድሞውንም ከ14,000 በላይ ስለ ነበረ ጭማሪው በሙሉ በዚህ በመጨረሻው እርከን ላይ ይወድቃል፤ 2,100 ብር ለግብር ይሄዳል። ለጡረታ ከመቶ 7 ሲቀነስ ሌላ 420 ብር ይወጣል። ወደ እጁ የሚገባው 3,480 ብር ብቻ ነው። አሠሪው በበኩሉ ከመቶ 11 የጡረታ መዋጮ ስለሚጨምር ይኸው ጭማሪ 6,660 ብር ያስወጣዋል። እንግዲህ ጌታው «6,660 አወጣሁልህ» ሲል፣ ሠራተኛው «3,480 ደረሰኝ» ሲል ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ቅያሜውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ገና አልጨረስንም። ሠራተኛው እስካሁን መኪና ሲያመሽ እየቆየ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያገኝ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት 48 ሰዓት መደበኛ ሥራን ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ለሚሠራው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ የሰዓቱ ደመወዝ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በእጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል እየተባዛ እንዲከፈል ያዛል። የ15,000 ብር ደመወዝተኛ በሳምንት 6 ሰዓት ያህል ቢያመሽ በወር ወደ 2,812 ብር ያገኛል፤ ግብሩ ተነሥቶለት 1,828 ብር ያህል ይቀረዋል። ኃላፊ በተባለ ማግሥት ይህ ይቆማል፤ ማምሸቱ ግን አይቆምም፤ ይልቁንም ይብሳል። ስለዚህ ከ3,480ው ላይ 1,828ን ስንቀንስ እውነተኛው የሹመቱ ትርፍ በወር 1,652 ብር ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ላይ ኃላፊ የሆነ ሰው እንደ ቀድሞው አይኖርም። ጫማውም ልብሱም ይታያል፤ ስልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፤ ለሠርግና ለለቅሶ የሚያዋጣው ያድጋል፤ «ተሾመ» የሚለውን ዜና የሰማ ዘመድ ሁሉ ችግሩን ይዞ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ 652 ብር ብቻ ብናስብለት፣ ለጋስ ግምት አይደለም፣ ለዕዳው የሚተርፈው 1,000 ብር ነው። በወር 5,000 እየከፈለ ዕዳውን በ24 ወር ይጨርሳል። በልቡ 12 ወር ያለው 24 ሆነ ማለት ነው። ሹመቱ የገዛለት ጊዜ 6 ወር ነው።

እንግዲህ ጥያቄው በትክክለኛው መልኩ የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው፤ ስድስት ወር ቀድሞ ከዕዳ ለመውጣት ሲባል ይህን ሥራ ለሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መሸከም ይገባልን? በበኩሌ ለስድስቱ ወር ብቻ ከሆነ አይገባም እላለሁ። ሥራውን ወድዶት፣ ሊማርበት አስቦ፣ ነገ በራሱ ንግድ ሊቆምበት ከፈለገ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ሹመቱን የሚመዝነው በዕዳው ሚዛን አይደለም።

ዕዳው ወለድ ያለበት ከሆነ መልሱ ጥቂት ይለወጣል። ያው 120,000 ብር በዓመት ከመቶ 18 ወለድ ቢኖርበት፣ በወር 4,000 ብር ለሚከፍል ሰው ከ40 ወር ጥቂት ያልፋል፤ 5,000 ለሚከፍል 30 ወር ይሆናል። ልዩነቱ 10 ወርና ወደ 10,700 ብር የሚጠጋ ወለድ ነው። ይህ የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ የባንክ ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳ ያለበት ሰውና ከወንድሙ የተበደረ ሰው ለአንድ ዓይነት ሹመት አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጡ አይገባም። በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ብድር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድን በዓመት ከመቶ 12 ላይ መወሰኑንም ማስታወስ ይጠቅማል፤ ከዚህ በላይ እየከፈለ ያለ ሰው ሹመት ከመፈለጉ በፊት ውሉን ለሕግ ዐዋቂ ቢያሳይ ይሻለዋል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ሌላ አሳብ የሚያቀርቡ አሉ። የብር አቅም በቀነሰ መጠን ወለድ የሌለበት የቆየ ዕዳ እየቀለለ ስለሚሄድ ለመክፈል መቸኮል ሞኝነት ነው ይላሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን የቀለለው ዕዳ ከአበዳሪው ትከሻ ላይ የተቀነሰ ሀብት ነው፤ አበዳሪውም የአጎት ልጅ ወይም የዕድር ጓደኛ ከሆነ ይህን ማወቁ አይቀርም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገቢው ነው። ከዚህ የሚከብደው የኃላፊነቱ ነገር ነው። የመጋዘን ኃላፊ በፊርማው የተረከበውን ዕቃ ሁሉ ተጠያቂ ሆኖ ይጠብቃል፤ ብዙውን ጊዜም ዋስ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። በቆጠራ ጊዜ 20 ካርቶን ቢጎድል፣ ጉድለቱ ከማራገፍ ይሁን ከአቆጣጠር፣ ከስርቆት ይሁን ከአይጥ ሳይታወቅ፣ መጀመሪያ የሚጠራው እርሱ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ወይም የመኪና መለዋወጫ በሚከማችበት መጋዘን አንድ ጉድለት ከ120,000 ብር ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ዕዳውን ለመክፈል የተሾመ ሰው ከቀድሞው የሚበልጥ ሁለተኛ ዕዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ዋሱንም ይዞ።

በዚህ ረገድ ሕጉ የሚሰጠውን ጥበቃ አሠሪውም ሠራተኛውም በሚገባ ቢያውቁት መልካም ነው። ዐዋጁ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይኖር ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ይከለክላል፤ በሚቆረጥበትም ጊዜ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሢሶ እንዳይበልጥ ይወስናል። ነገር ግን «የሥራ መሪ» የተባለ ሰው ከዚህ ዐዋጅ ውጪ ነው። የትርፍ ሰዓቱም፣ የሢሶውም ወሰን በዐዋጁ መሠረት የእርሱ አይሆንም፤ ጉዳዩ በውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይታያል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ሰውን የሥራ መሪ የሚያደርገው ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዘዋወር፣ የማሰናበት ወይም የድርጅቱን የአስተዳደር መመሪያ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣኑ እንጂ በደብዳቤው ላይ የተጻፈው «ኃላፊ» የሚለው ስም አይደለም። ቁልፍና መዝገብ ብቻ ይዞ ማንንም ማዘዝ የማይችለውን ሰው «ኃላፊ ነህ» ብሎ የትርፍ ሰዓቱን መከልከል ለጊዜው ገንዘብ ያድን ይሆናል፤ ክርክር ቢነሣ ግን አሠሪው የሚረታበት ነገር አይደለም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል በሀገራችን የታወቀ ነው። ብሂሉን ለቀልድ የሚጠቅሱት ብዙ ናቸው፤ ለመጋዘን ባለቤት ግን ቀልድ አይደለም። በዕዳ የተጨነቀን ሰው ገንዘብና ዕቃ በሚያልፍበት በር ላይ አቁሞ፣ በቂ ሳይከፍሉት፣ ኃላፊነቱን ግን ሙሉ አድርገው ማሸከም ታማኙን ሰው መፈተን ነው። አብዛኛው ሰው ፈተናውን ያልፋል። ይሁን እንጂ ታማኝነቱን በየቀኑ ከራሱ ጋር እየታገለ የሚጠብቅ ሰው በአራተኛው ወር ድካሙ በፊቱ ይነበባል።

ስለ ድካም ካነሣን የሹመት ጭንቀት ከየት እንደሚመጣ በደንብ የተጠና ነገር አለ። በእንግሊዝ ሀገር ከ1967 ጀምሮ (በአውሮጳውያን አቆጣጠር) 18,000 ያህል ወንድ የመንግሥት ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት ጤንነታቸው ሲመዘገብ ቆየ። አለቆቹ በኃላፊነት ብዛት ቀድመው ይሞታሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ የተገኘው ተቃራኒው ሆነ። በዝቅተኛው እርከን ያሉት የሞት መጠን ከከፍተኞቹ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። በኋላ በተደረጉት ተከታታይ ጥናቶችም በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን የሌለው ሰው ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ ታየ። ሰውን የሚያደቅቀው ወንበሩ ከፍ ማለቱ ሳይሆን ተጠያቂነት ተሰጥቶት ሥልጣን ሲነፈገው ነው። የመጋዘን ኃላፊ የጫኝና አውራጅ ቁጥር መወሰን ካልቻለ፣ ያልተቆጠረ ዕቃ አልረከብም የማለት መብት ከሌለው፣ የጌታው ልጅ ያለ ወረቀት ዕቃ ሲያወጣ ዝም ማለት ካለበት፣ ደመወዙ 21,000 ሆነ 31,000 ያው ነው።

ስለዚህ ለአሠሪዎቻችን የምናቀርበው አሳብ ሁለቱን ጉዳዮች እንዲለዩ ነው። ሠራተኛው በዕዳ መጨነቁን ዐውቀው ሊረዱት ከፈለጉ፣ ያለ ወለድ የደመወዝ ብድር ሰጥተው በወር በወር በጽሑፍ ስምምነት ከሢሶው ሳይበልጥ ቢቀንሱ ርዳታው ግልጽና ንጹሕ ይሆናል። በአንጻሩ ግን «ዕዳ ያለበት ሰው ጥሎኝ አይሄድም» በማለት ብድርን እንደ ሰንሰለት የሚጠቀሙ ነጋዴዎች አሉ፤ እንዲህ የታሰረ ሰው አይሄድ ይሆናል፣ ልቡ ግን ከሄደ ቆይቷል። ኃላፊ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ደግሞ ለኃላፊነቱ የሚገባውን ይክፈሉ፤ የሚቋረጠውን የትርፍ ሰዓት ገቢ በደመወዙ ወይም በኃላፊነት አበል ይተኩለት፤ ሥልጣኑንም በደብዳቤው ላይ ይዘርዝሩ። ሦስት ወር በውክልና ሠርቶ፣ ካልተስማማው ወደ ቀድሞው ቦታውና ደመወዙ ያለ ነቀፋ የሚመለስበት ቃል ቢጻፍለት፣ ዛሬ እምቢ ከሚሉት አንዳንዶቹ እሺ ይሉ ይሆናል።

ለሠራተኛው ደግሞ ደብዳቤውን ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቃቸው ነገሮች ከወር ጭማሪው ይልቅ ይጠቅሙታል። ዕቃው ተቆጥሮ ነው የምረከበው ወይስ ባለበት? ቁልፉ ስንት ሰው እጅ አለ? ጉድለት ሲገኝ ማን ያጣራል? መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ የስድስት ወር ዕዳ ቀድሞ መጨረስ ለዚህ አይበቃም።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ መጋዘኖች ስለሚቆጠሩ፣ ኃላፊ ለመለወጥ ያሰበ ነጋዴ ሹመቱን ከቆጠራው በፊት ሳይሆን በኋላ ቢያደርገው፣ ቀድሞ የነበረው ኃላፊ፣ አዲሱና የሒሳብ ሹሙ ሦስቱም በአንድ የርክክብ ሰነድ ላይ ይፈርማሉ፤ ከሐምሌ 1 ቀን በፊት የጎደለው በአዲሱ ሰው ስም አይጻፍም።