ስለ ብረት ብርታትና ስለ ጽናቱ

ብርታትና ጽናት አንድ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። የብረትን ጠባይ የመረመሩ ሊቃውንት ግን ሁለቱን ለይተው ያስተምሩናል። ብርታት ማለት ሸክም በተጫነ ጊዜ ሳይጎብጡ መቻል ነው፤ ጽናት ማለት ግን ስንጥቅ ከተነሣ በኋላ ስንጥቁ እንዳይሮጥ መግታት ነው። ምሳር የሚሠራ አንጥረኛ ይህን በእጁ ሥራ ያውቀዋል። ያጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ ሲነክረው ስለቱ ይበረታል፤ መልሶ በመጠኑ ካላሞቀው ግን ግንድ ሲመታ ይሸረፋል።

ይህን ልዩነት መዘንጋት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ ታሪክ ይመሰክራል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. በጥር ወር ስኬነክታዲ የተባለች አዲስ የነዳጅ መርከብ በአሜሪካ አገር በፖርትላንድ ወደብ ቆማ ሳለች፣ ማዕበል ሳይመታት በብርድ ቀን በድንገት ለሁለት ተሰበረች። ከብየዳው ጉድለት የተነሣውን ስንጥቅ ብረቷ ሊገታው አልቻለምና።

ብረታ ብረት በአብዛኛው ከጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ሆል በ1951 ፔችም በ1953 እንዳስረዱት፣ ቅንጣቱ ባነሰ መጠን ብርታቱ ይጨምራል፤ የቅንጣቶቹ ወሰን የአቶሞችን መንሸራተት እንደ አጥር ይከለክላልና። ስለዚህም ሊቃውንት ቅንጣቱን ወደ ናኖሜትር፣ ይኸውም ወደ ሜትር ቢሊዮንኛ እጅ፣ አሳነሱት። ዳሩ ግን አጥሩ ሲበዛ ብረቱ ተስቦ የሚተርፍበት ስፍራ ያጣል፤ በብርታት ያተረፈውን በጽናት ይከስራል።

መድኃኒቱ አጥሩን ማብዛት ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም መምረጥ ነው። በ2004 የቻይና ሊቃውንት በመዳብ ቅንጣት ውስጥ፣ አንዱ የሌላው የመስተዋት መልክ የሆኑ መንታ ንጣፎችን በናኖሜትር ልክ ደርድረው ብርታቱን ከተራው መዳብ 10 እጥፍ ያህል አደረሱት፤ የመሳብ ችሎታውም አልጠፋም። በ2022 ደግሞ የተመረመረ የክሮሚየም፣ የኮባልትና የኒኬል ቅይጥ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እጅግ ጽኑ ሆኖ ተገኘ፤ ሲሳብ በውስጡ እንዲህ ያሉ ንጣፎች ይፈጠራሉና። የመርከቧን ብረት ያሰበረው ብርድ ይህንን አጸናው።

እንግዲህ አዲስ ብረት ተገኘ በተባለ ቍጥር፣ «ምን ያህል ሸክም ይችላል?» ብቻ ሳይሆን «በተሰነጠቀስ ጊዜ ምን ይሆናል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ድልድይ የሚሠራው መሐንዲስም፣ ብረት የሚገዛው ሹምም ሁለቱን ልክ አብረው ይመርምሩ። ሳያስጠነቅቅ የሚሰበር ብርታት በላዩ የሚሻገረውን ሰው አያድነውም።